የሩዝ ፍሬ የምታህል

በረዶ ነው የጣለው፤ ማንም አልገፋውም፤
መቶ ሰባ በረዶ ችሎ፣ ይህኛውን አልቻለውም።
ሌሊት አንድ ጊዜ ጮኸ፤
ከዚያ ዝም።
ማለዳ የኪሶ ሸለቆ ሰዎች አካፋ ይዘው ሲመጡ
መነኩሲቷን ሚዮኤንን አገኟት፤
በዜኑ አዳራሽ ፍርስራሽ መሃል ተቀምጣ፣
ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ፣
ፊቷን፣ ግድግዳው ወደነበረበት፣ ወደ ባዶው አዙራ።

አናጢው ሽጌማሳ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው።
የጎበጠው ከዕድሜ አይደለም፤ ከመላጊያው ነው፤
እዚያ አገር መላጊያ አይገፋም፣ ወደ ገዛ ደረት ይሳባል፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ ጥድ ለጥድ፣ ወደ ልቡ ሲስብ ኖሯል።
ፍቅፋቂው ከመሳሳቱ፣ ጋዜጣ ላይ ቢያነጥፉት
የሞቱትን ሰዎች ስም ያስነብባል።

ደቀ መዝሙሩ ናጊሳ፣
የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሰችው መሮ ስትስል ነው።
"እንጨት መቼ እነካለሁ?" ብትለው፣
"መሮው ፊትሽን ሲያሳይሽ" አላት።
አሳያት።
ደክሟት ነበር።

ዛፎቹን ተራራ ወጥቶ፣ እየዳበሰ መረጠ፤
በሰሜን ገመገም የበቀለውን ለሰሜን ምሰሶ አስቀመጠ።
"ይሄ ብርዱን ለምዷል፤
ያ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣
ወደ ቀኝ ከሚጠመዘዘው ጋር አጋቡት፤
ሲጣሉ ይያያዛሉ።"

ምስማር የለም።
ምላስ አለ፣ አፍ አለ፤ እንጨት እንጨትን ያጎርሳል።
በዚህች በምጽፍባት ቋንቋ ለዚህ ሥራ አንድ ቃል አለ፦ ገጠመ፤
ለወጋግራና ለምሰሶ፣ ለስንኝና ለስንኝም።
ስንኝ ምስማር ከፈለገ ግን፣
አልገጠመም።

ቅጠሉ ሲቀላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣
ሽጌማሳ የቀለሙን ክር ወጥሮ ለቀቀው።
ክሩ ጮኸ፣ ጥቁር መስመር ጣለ፤
መስመሩ ግን የሩዝ ፍሬ ታህል ወዲያ ሸሽቶ ነበር።
ናጊሳ አየች።
ዓይኑንም አየች፤ እንደ ማለዳ ወንዝ ጉም የለበሰውን።
ልትናገር ከፈተች፤
አፏ ምላስ አጣ።
እሱም ቆረጠ።

በተከላው ቀን የሸለቆው ሰው ሁሉ ገመድ ያዘ፤
የፖስታ ቤቱ ኃላፊ፣ የሳኬ ጠማቂው ሦስት ልጆች፣
መነኩሲቷም እጅጌዋን ጠቅልላ።
ወጋግራው ወጣ፣ ተንሳፈፈ፣ ወረደ፣ ምላሱን ሰጠ፤
አፉ አልሞላም።
የሩዝ ፍሬ የምታህል ብርሃን በመሃል ገባች።

ገመዱ ብቻ ሲጢጥ ይላል።
ሽጌማሳ መሰላሉን ወጣ፤ በዓይኑ ሳይሆን በአውራ ጣቱ
ክፍተቷን ዳበሳት፣ ቆየ።
"ልክ አይደለም" አለ።
ከዚያ ወደ ታች፣ "አይተሽ ነበር?"
"አይቼ ነበር።"
"መቼ?"
"ክሩ ሲጮህ።"

ይቆጣል ብለው ጠበቁ።
"ዝምታውን ለመነኮሳቱ ተይላቸው" አላት፣
"እሱ የነሱ ሥራ ነው፤ የኛ ሥራ ልክ ነው።"
ከወገቡም ፈቶ የቀለም ክሩን ጣለላት።
እጇ ላይ ሳይሆን ጭቃ ላይ ወደቀ፤
በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው።

ከወደቀው አዳራሽ ደፍ፣
የስንት ሰው እግር ካጎደጎደው ጥቁር ቼሪ፣
ሽብልቅ ጠረበች።
ሦስቴ መታችው፤ በሦስተኛው
ብርሃኗ ጠፋች።

የመጀመሪያው በረዶ በወደቀበት ሌሊት፣
አሥራ ሁለት ሰው ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ ሳለ፣
ከላይ፣ ከሰሜን ጥግ፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ።
መነኩሲቷ አልዞረችም።
ሽጌማሳ በሩ አጠገብ፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎት በወንበር ላይ፣
ጆሮውን ዘንበል አደረገ።
ናጊሳ ትንፋሿን መቁጠር ትታ
ሁለተኛውን ድምፅ ጠበቀች።

በረዶው ይወርዳል።
ትጠብቃለች።